«ዓመተ ምሕረት» የማን ዘመን ነው? በኮምፒዩተር የቀን አቆጣጠር ላይ የቀረበ ሒስ

መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አዲሱ ሺህ ዓመት የተከበረበት ዕለት ነው። ይኸው ዕለት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው። እስከዚህ ድረስ የሚያከራክር ነገር የለም። ነገር ግን ይህንኑ ዕለት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠርና በአማርኛ ቋንቋ እንዲያሳይ፣ የዘመኑንም ስም እንዲጨምር የታዘዘ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ የቆየው መልስ «2007 ዓ/ም» የሚል ነው። ስሙ ሳያጥር ይጻፍ ቢባልም «2007 ዓመተ ምሕረት» ይላል። የአማርኛ አንባቢ የሚያውቀው 2007 ዓመተ ምሕረት ግን ያ ዕለት ካለፈ ከሰባት ዓመት በኋላ የገባ ሌላ ዓመት ነው። ስለዚህ አንድ ዕለት በአንድ የዘመን ስም ሥር ሁለት ቁጥር ተሸከመ ማለት ነው።

ስሕተቱ የአንድ ፕሮግራም ጸሐፊ ቸልተኝነት ያመጣው አይደለም። ሥሩ ትርጉም ነው፤ ይኸውም የአንድን የውጭ አገር የዘመን ስም በአማርኛ ለመተካት የተደረገ ምርጫ ነው። በመሆኑም ጉዳዩ ከምሕንድስና ባለሙያዎች ይልቅ የመዝገበ ቃላት አዘጋጆችንና ተርጓሚዎችን ይመለከታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያን ምርጫ መመርመር፣ ከርሱም ጋር የኮምፒዩተር የቀን ላይብረሪዎች ስለ «ዘመን» የያዙት አስተሳሰብ ከኛ አቆጣጠር ጋር የሚስማማበትንና የማይስማማበትን ቦታ ለይቶ ማሳየት ነው።

1. ላይብረሪው የሚሠራው ሥራ

በኮምፒዩተር ሙያ «ላይብረሪ» የሚባለው የመጻሕፍት ማኖሪያ ሳይሆን፣ ማንኛውም ፕሮግራም ጸሐፊ እንደገና መጻፍ ሳያስፈልገው የሚገለገልበት አስቀድሞ የተዘጋጀ የትእዛዞች ስብስብ ነው። የቀን ላይብረሪ ተግባር ዕለታትን መቁጠር፣ ማነጻጸርና ከአንዱ አቆጣጠር ወደ ሌላው መመለስ ነው። ከነዚህ በብዙዎቹ ውስጥ ዕለት የሚቀመጠው በአንድ ተራ ቁጥር ሲሆን፣ የቁጥሩ መነሻ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ ማለትም ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው። በዚህ ስሌት ከመነሻው እስከ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. 13,768 ቀናት አልፈዋል። ይህ ቁጥር ወር የለውም፤ ዓመት የለውም፤ ዘመንም የለውም። እነዚህን ሁሉ የሚያገኘው በሰው እንዲነበብ በቃል ሲገለጽ ነው። እንግዲህ ቁጥሩን ወደ ቃል የሚመልሰው የላይብረሪው ክፍል፣ ስሙ ባይሰጠውም፣ የሚሠራው የተርጓሚን ሥራ ነው።

«ጃቫ» የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በ8ኛ እትሙ (እ.ኤ.አ. 2014) ያወጣው የቀን ላይብረሪ ለእያንዳንዱ አቆጣጠር የራሱን ዘመናት ለይቶ ይሰጣል። ለጎርጎርዮሳዊው ሁለት፣ ለታይላንድ የቡድሃ አቆጣጠር ሁለት፣ ለሂጅራ አንድ፣ ለጃፓን ደግሞ ከሜይጂ ጀምሮ ያሉትን የነገሥታት ዘመናት መድቧል። የኢትዮጵያ አቆጣጠር በዚህ ስብስብ ውስጥ አልገባም። የሚገኘው «ስሪቴን ኤክስትራ» በተባለው ተጨማሪ ላይብረሪና በዩኒኮድ ኮንሶርሺየም ሥር በሚዘጋጀው «አይሲዩ» ውስጥ ነው። የወራት፣ የዕለታትና የዘመናት ስሞች በየቋንቋው የሚመዘገቡበት የኮንሶርሺየሙ መዝገብ «ሲኤልዲአር» ይባላል፤ ጃቫም ከ9ኛ እትሙ (እ.ኤ.አ. 2017) ወዲህ ስሞቹን በመደበኛነት የሚወስደው ከዚሁ መዝገብ ነው። የዚህ ሒስ ጉዳይ በዚህ መዝገብ የአማርኛ ክፍል ውስጥ ያሉ ሁለት ስሞች ናቸው፤ ይኸውም ከክርስቶስ ልደት በኋላ ላለው ጎርጎርዮሳዊ ዘመን «ዓመተ ምሕረት»፣ ከልደት በፊት ላለው ደግሞ «ዓመተ ዓለም» መባሉ ነው።

2. አንድ ድርጊት፣ ሁለት መነሻ

የመጀመሪያው ምርጫ ያለ ምክንያት የተደረገ አይመስለኝም። የላቲኑ ስም «የጌታ ዓመት» ማለት ነው፤ የግእዙም «የምሕረት ዓመት» ማለት ነው። ሁለቱም የሚነሡት ከክርስቶስ ሰው መሆን ነው። ስሙን የሰጠው ሰው የቃላቱን ፍቺ ብቻ ተመልክቶ ከሆነ አቻ ያገኘ መስሎት ቢረካ አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ የዘመን ስም የሚተረጐመው በፍቺው ሳይሆን በሚያመለክተው መነሻ ነው። የእስክንድርያው መነኩሴ አንያኖስ በ5ኛው ምዕት ዓመት መባቻ ባደረገው ስሌት ከፍጥረት እስከ ሥጋዌ 5,500 ዓመት ቆጠረ። በሮም የነበረው ዲዮናስዮስ ትንሹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ525 ሌላ ስሌት አቀረበ። እኛ የያዝነው የአንያኖስን ነው፤ ምዕራባውያን የያዙት የዲዮናስዮስን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ነው። ሁለቱ ስሞች አንድን ድርጊት ያከብራሉ፤ የሚቆጥሩት ግን ከሁለት ልዩ ልዩ ዓመታት ተነሥተው ነው። በቋንቋ ጥናት አነጋገር፣ ፍቺያቸው ሲቀራረብ ጥቁማቸው ይለያያል።

ከዚህም ሌላ «ዓመተ ምሕረት» የሚለው ስያሜ በራሳችን ጽሑፎች ውስጥ እንኳ ሁልጊዜ አንድ መነሻ አልነበረውም። በጥንት ብራናዎች በዚህ ስም የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ በ532 ዓመቱ ዐቢይ ቀመር ውስጥ ያለው ተራ ነው፤ አንባቢው ቀመሩ ስንተኛው እንደሆነ ካላወቀ ዓመቱን ሊደርስበት አይችልም። ቀድሞውንም ሁለት አገልግሎት ባለው ስም ላይ ሦስተኛ መጨመር ለታሪክ ተመራማሪውም ለተርጓሚውም ችግርን መደረብ ነው።

3. ችግሩ በሰነድ ላይ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተርጓሚ ባልደረባዬ ወደ ውጭ አገር የሚላክ የልደት ሰነድ ይዞ መጣ። ሰነዱ በኮምፒዩተር የታተመ ነው፤ የትውልድ ቀን በሚለው መሥመር ላይ «4/5/1975 ዓ/ም» ይላል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተነበበ ጥር 4 ቀን 1975፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 1983 ነው። በጎርጎርዮሳዊው ከተነበበ ግን ሜይ 4 ቀን 1975፣ ማለትም ሚያዝያ 26 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ወሩ በቃል ተጽፎ ቢሆን ኖሮ «ጥር» ወይም «ሜይ» የሚለው ስም አቆጣጠሩን ይነግረን ነበር። በቁጥር ብቻ በመጻፉ ግን አቆጣጠሩን ይለያል ተብሎ የሚታመነው ምልክት «ዓ/ም» ብቻ ሆነ። ባልደረባዬም እንደ ማንኛውም አማርኛ ዐዋቂ በዚያ ምልክት ታምኖ የመጀመሪያውን ንባብ ይዞ ነበር።

ነገሩን የፈታው መዝገብ ሳይሆን የባለጉዳዩ ቃል ነው። «እናቴ የወለደችኝ አጎቴ ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ በሄደበት ዓመት ነው» አለ። ዘመቻው የተጀመረው በ1967 ዓ.ም. ስለሆነ ትክክለኛው ንባብ ሁለተኛው ሆነ። ያ ቃል ባይገኝ ኖሮ ሰውዬው በትርጉሙ ላይ ወደ ስምንት ዓመት ገደማ ወጣት ሆኖ ይመዘገብ ነበር፤ ከትምህርት ማስረጃውና ከጋብቻ ሰነዱ ጋር ሲተያይም የሚጠረጠረው ፕሮግራሙ ሳይሆን እርሱ ራሱ ነበር። ሰነዱን ያወጣው መሥሪያ ቤት ማንነት እዚህ ላይ አያስፈልግም፤ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ከመዝገቡ ያገኘውን ስም ሳያርም ቢጠቀም ውጤቱ ይኸው ይሆናልና። በዚያው መዝገብ ለኢትዮጵያ በቅድሚያ የተመረጠው አቆጣጠር ጎርጎርዮሳዊው መሆኑ ደግሞ አጋጣሚውን ያበዛዋል።

4. ወደ ፊት የሚቆጠርና ወደ ኋላ የሚቆጠር

ሁለተኛው ስም፣ «ዓመተ ዓለም»፣ ከመጀመሪያው የባሰ ስሕተት ነው። በመጀመሪያው መነሻው በጥቂት ዓመታት ተዛወረ፤ በዚህኛው ግን የቁጥሩ አቅጣጫ ራሱ ተገለበጠ።

ዓመተ ዓለም ከፍጥረት ጀምሮ ወደ ፊት የሚቆጠር ዘመን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚባለው የምዕራባውያን አቆጣጠር ግን ከልደት ወደ ኋላ ይቆጠራል፤ ቁጥሩ ባደገ መጠን ዘመኑ ይርቃል። ምሳሌ እንውሰድ። ዩልዮስ ቄሣር የተገደለው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት፣ በመጋቢት ወር ነው። መዝገቡን የሚከተለው ፕሮግራም ይህን ዓመት «44 ዓመተ ዓለም» ይለዋል። በባሕረ ሐሳብ ቋንቋ ግን 44 ዓመተ ዓለም ማለት ዓለም ከተፈጠረ 44ኛው ዓመት ነው፤ ሮምም ቄሣርም ያልታሰቡበት ዘመን ነው። ቄሣር የሞተበት ዓመት በትክክል ሲቆጠር 5449 ዓመተ ዓለም ነው።

ይህ ስም የሞተ ቃል ቢሆን ኖሮ ለአዲስ አገልግሎት መዋሉ ባላስጨነቀ ነበር። ነገር ግን በየዓመቱ ይሠራበታል። የ2016 ዓ.ም. ወንጌላዊ ማን እንደሆነ የሚያሰላ ሰው 5500 እና 2016 ደምሮ 7516 ዓመተ ዓለምን ያገኛል፤ ለአራት ሲያካፍለው 1879 መጠነ ራብዒት ደርሶ ቀሪ ስለማይኖር ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ነው ይላል። 7516ን ከ1879 ጋር ደምሮ 9395ን ለሰባት ሲያካፍልም አንድ ይቀረዋል፤ ስለዚህ መስከረም 1 ቀን ማክሰኞ ዋለ። በአንድ በኩል በዐውደ ምሕረት 7516 ዓመተ ዓለም ሲባል፣ በሌላ በኩል በኮምፒዩተር መስኮት 44 ዓመተ ዓለም ለሮም ታሪክ ሲውል፣ አንድ የሙያ ቃል በሁለት ተቃራኒ ትርጉሞች እየኖረ ነው ማለት ነው።

5. ተከታታይ ዘመናትና ጎን ለጎን የሚሄዱ ዘመናት

ከስሞቹ ስሕተት በስተጀርባ የአስተሳሰብ ልዩነት አለ። የጃቫ ላይብረሪ ዘመንን የሚያየው እንደ መሥመር ቁራጭ ነው፤ አንድ መነሻ መሥመሩን ለሁለት ይከፍለዋል፣ ወይም እንደ ጃፓን አንዱ ንጉሥ ሲያበቃ ሌላው ይተካል። በዚህ አስተሳሰብ አንድ ዕለት በአንድ አቆጣጠር ውስጥ ከአንድ ዘመን በላይ ሊኖረው አይችልም።

በኛ ትውፊት ግን ዘመናት ጎን ለጎን ይሄዳሉ። መስከረም 1 ቀን 2016 በዓመተ ምሕረት 2016፣ በዓመተ ዓለም 7516፣ በዓመተ ሰማዕታት 1740 ነው። ዓመተ ዓለም በሥጋዌ አላበቃም፤ ዓመተ ምሕረትም አልተካውም። ስለዚህ «ዓመተ ዓለም ማለት ከዓመተ ምሕረት በፊት ያለው ነው» የሚለው አስተሳሰብ ከመዝገቡ ስሕተት አስቀድሞ በላይብረሪዎቹ አሠራር ውስጥ የተዘራ ነው ለማለት ይቻላል።

ሁለቱ ላይብረሪዎች ይህን ችግር በሁለት መንገድ ይፈቱታል። «አይሲዩ» ከ1 ዓመተ ምሕረት በፊት ያለውን ዓመት 5500 ዓመተ ዓለም ብሎ ይጠራዋል፤ ከዚህም ጋር ዓመተ ዓለምን እስከ ዛሬ ድረስ ሳያቋርጥ የሚቆጥር ሌላ አቆጣጠር ለይቶ አስቀምጧል። ይህ ከትውፊቱ ጋር የሚስማማ፣ ሊመሰገንም የሚገባው አሠራር ነው። «ስሪቴን ኤክስትራ» ደግሞ ያንኑ ዓመት «ከሥጋዌ በፊት 1» ይለዋል፤ የምዕራባውያንን ወደ ኋላ የመቁጠር ልማድ በኛ መነሻ ላይ ማዋሉ ነው። ይህም ስሙ በግልጽ እስከ ተነገረ ድረስ አያሳስትም። አደጋው የሚመጣው አንድ ፕሮግራም ጸሐፊ የሁለተኛውን ቁጥር ከመዝገቡ ስም ጋር ሲያገናኝ ነው፤ ያን ጊዜ 5500 መባል የሚገባው ዓመት «1 ዓመተ ዓለም» ሆኖ ይወጣል።

ለማሽን መለያ የሚሆኑት የላቲን ምሕጻረ ቃላትም ሌላ ወጥመድ ናቸው። በመዝገቡ «ኤኤም» የሚሉት ሁለት ፊደላት በቅብጥ አቆጣጠር የሰማዕታትን ዘመን፣ በዕብራውያን አቆጣጠር የዓለምን ዘመን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዓመተ ምሕረትን ይለያሉ። ከላይ የተጠቀሰው የመስከረም 1 ቀን 2016 ዕለት በዚህ አንድ መለያ ሥር 1740፣ 5783 እና 2016 ይሆናል። መለያው ከአቆጣጠሩ ስም ጋር አብሮ እስከ ተያዘ ድረስ ችግር የለውም። ብቻውን ሲላክ ግን ከላይ የታየውን የልደት ሰነድ ይመስላል።

የጃፓን ሁኔታ ለንጽጽር ይጠቅማል። «ሬይዋ» የተባለው ዘመን ስሙ የታወጀው እ.ኤ.አ. አፕሪል 1 ቀን 2019 ሲሆን የጀመረው ከአንድ ወር በኋላ ሜይ 1 ቀን ነው። ዩኒኮድ ስሙን በአንድ ቅርጽ የሚጽፍ አዲስ ምልክት መደበ፤ ጃቫም በ13ኛ እትሙ ዘመኑን በስሙ አስገባ። ሬይዋን በሌላ ዘመን ስም እንተካው ያለ የለም። ስሙን ከባለቤቶቹ ተቀበሉ፤ መነሻውንም ከስሙ ጋር አሰሩ። ለዓመተ ምሕረት የሚጠየቀው ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም።

6. ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ

«በአማርኛ ጽሑፎች እኮ ‹እ.ኤ.አ. በ1991 ዓ.ም.› ተብሎ ይጻፋል፤ ታዲያ መዝገቡ ምን አጠፋ?» የሚል ይኖራል። አስተያየቱ እውነትነት አለው፤ እንዲህ ያለ አጻጻፍ በጋዜጣም በመጽሐፍም ይገኛል። ነገር ግን በዚህ ሐረግ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው «እ.ኤ.አ.» ነው። «ዓ.ም.» ቁጥሩ የዓመት መሆኑን ከማመልከት በቀር ሌላ አገልግሎት የለውም። መዝገቡ የወሰደው ይህን የላላውን ክፍል ነው፤ የሚለየውን ክፍል ግን ጣለው። ቢጣል የማይጐዳውን ይዞ፣ ቢጣል የሚጐዳውን መጣል የትርጉም ሥራን ደንብ መገልበጥ ነው።

ሌላው ተቃውሞ «‹ዓ.ዓ.›ን ከክርስቶስ ልደት በፊት ለማለት የሚጠቀሙበት አሉ፤ የቋንቋ ሊቅ ልማድን መመዝገብ እንጂ መከልከል የለበትም» የሚል ሊሆን ይችላል። እኔም የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ልማዱ ካለ ከነማስረጃው መመዝገብ እንዳለበት አምናለሁ። ሆኖም ልማድን መመዝገብ አንድ ሥራ ነው፤ ለሙያ ቃል መለኪያ ማውጣት ሌላ ሥራ ነው። የላይብረሪ ስም ሁለተኛው ዓይነት ነው። አንባቢ የሰውን ጽሑፍ ሲያነብ ከአገባቡ ይረዳል። ማሽን ግን አገባብ አያውቅም፤ የተሰጠውን ስም በሁሉም ቦታ ያለ ልዩነት ያትመዋል።

7. የመፍትሔ ሐሳብ

ከዚህ በላይ በተሰጡት ምክንያቶች የሚከተሉትን ስያሜዎች ለውይይት አቀርባለሁ።

ሀ. «ዓመተ ምሕረት» እና «ዓ.ም.» ለኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ ይዋሉ።

ለ. ለጎርጎርዮሳዊው ከልደት በኋላ ላለው ዘመን በሕዝብ ዘንድ የተለመደው «እ.ኤ.አ.» ይያዝ፤ ቦታውም እንደ ልማዱ ከዓመቱ በፊት ይሁን። ላይብረሪዎች የዘመን ስም ከቁጥር በኋላ ብቻ ይመጣል ብለው መገመታቸው በአማርኛ አይሠራም።

ሐ. ወደ ኋላ ለሚቆጠረው ዘመን «ከክርስቶስ ልደት በፊት» የሚለው ሙሉ ሐረግ፣ ሲያጥርም «ከክ.ል.በ.» ይያዝ። «ዓመተ ዓለም» ከፍጥረት ወደ ፊት ለሚቆጠረው ዘመን ብቻ ይቀመጥ።

መ. ለሙያው ጽንሰ ሐሳቦች፣ አንድ አቆጣጠር የሚነሣበት ቀን «መነሻ ዕለት»፣ ከአንድ መነሻ የሚቆጠረው ዓመት «የዘመኑ ዓመት»፣ ዘመንን ሳይለይ ከዜሮም በታች እየወረደ የሚቀጥለው ቁጥር «ተከታታይ ዓመት» ይባል። «ዘመን» የሚለው ቃል ብቻውን ለሙያ ቃልነት አይበቃም፤ «ዘመነ ዮሐንስ» ሲባል አንድ ዓመትን፣ «ዘመነ መሳፍንት» ሲባል የታሪክ ክፍልን፣ «በዘመናችን» ሲባል የዛሬን ጊዜ ያመለክታልና። በዚህ አገልግሎት «የአቆጣጠር ዘመን» ቢባል ይለያል።

መዝገቡ በየእትሙ የሚታደስ ነው፤ ከየቋንቋው ተናጋሪዎች የሚመጣ እርማትም ይቀበላል። እርማቱን ማቅረብ የሚገባው ግን ስሙ የሚያመለክተውን መነሻ የሚያውቅ ሰው ነው። ያ እስኪሆን ድረስ ለተርጓሚዎች የምሰጠው ምክር አጭር ነው። በኮምፒዩተር በታተመ ሰነድ ላይ «ዓ/ም» የሚል ምልክት ስታዩ ወሩ በቃል መጻፉን ተመልከቱ፤ በቁጥር ብቻ ከተጻፈ ባለቤቱን ሳትጠይቁ አትተርጕሙ። ስትተረጕሙም የሁለቱን አቆጣጠር ዓመት ጎን ለጎን፣ እያንዳንዱን ከነስሙ ጻፉ። 1975 የሚል ቁጥር የአንድ ሰው ዕድሜ የሚሆነው ከየት ተነሥቶ እንደ ተቆጠረ ሲታወቅ ነው።